ለፋፊው ቸኮልና የመሬቱ አዋጅ

መካነ ሰላም ውስጥ በሬ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን ወደ ቸኮል ቢተው ነበር። ቸኮል የገበያው ለፋፊ ነው። ከሸክላ ሻጮቹ አጠገብ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ይወጣና ጋቢውን ትከሻው ላይ ወርወር አድርጎ «ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!» ሲል እህል የሚሰፍረው እጁን ያቆማል፣ ፍየል የሚጎትተው ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ይቆማል። የጠፋ ከብት ቢሆን፣ የአውራጃው ትእዛዝ ቢሆን፣ የክትባት ቀን ቢሆን ሁሉም በሱ አፍ ያልፋል።

ይህን ታሪክ ያጫወተችኝ ሚስቱ ሐረግ ናት። «ሰው ሁሉ ድምፁን ያውቃል፤ ሳንባውን የማውቀው ግን እኔ ነኝ» ትላለች።

ቸኮል በጎረምሳነቱ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ደሴ ወርዶ ከዓመት በላይ መርፌ ተወግቷል። በሽታው ለቀቀው፤ ሳንባው ግን ተጎድቶ ቀረ። ጠዋት ጠዋት የሚስለው ሳል ጎረቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ብርድ ሲመጣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው ድካሙ እንዳይታወቅበት ቆም ይልና «ይች ገብስ ደህና ይዛለች» እያለ የሰው ማሳ የሚመለከት ይመስላል። ሐረግ ግን ታውቃለች፤ ዝም ብላ አብራው ገብሱን ታያለች። ልፈፋውን የቻለውም በዘዴ ነው። አጭር ቃል ይወረውራል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይወረውራል። ሰው ግርማ ሞገስ ይመስለው ነበር።

ከዚያ የስልሳ አምስትና የስልሳ ስድስት ክፉ ቀን መጣ። ከምሥራቅ በኩል፣ ከቆላው፣ ሰው እየጎረፈ በአቀስታ አድርጎ ወደ እኛ አገር ወጣ። ግማሹ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ሊገባ ነው፤ ግማሹ ደግሞ እግሩ እዚሁ ላይ ከዳው። መንገድ ላይ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተጠፋፍቷል። አንድ የገበያ ቀን አሻግሬ የሚባል፣ አጥንቱ የሚቆጠር ሰው ቸኮልን እግሩ ሥር ወድቆ ያዘው።

«ጋሼ፣ ሚስቴን ጥራልኝ። ወርቂቱ ትባላለች። አቀስታ ላይ ከሰው መሀል ጠፋችብኝ።»

ቸኮል ጠራ። በዚያ ገበያ መልስ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። እሱ ግን ገበያ በቆመ ቁጥር ድንጋዩ ላይ ይወጣና «ወርቂቱ! የአሻግሬ ሚስት! ባልሽ እዚህ ነው!» ይላል። ሰው ተስፋ ቆርጦ «ተዋት፣ ሞታለች» ማለት በጀመረበት ሰሞን፣ ከሣር ተራው ወዲያ ተኮራምታ የተቀመጠች ሴት ብድግ አለች። እጇን ብቻ ወደ ላይ ዘረጋች። አሻግሬ ሲሮጥ የረገጠው የሰው እንቁላል፣ የገለበጠው ቅርጫት! አንድም ሰው አልተቆጣውም። ገበያው በእልልታ ተናወጠ፤ እንቁላሏ የተሰበረባት ሴትዮ ከሁሉም በላይ እልል ትል ነበር።

ከዚያ በኋላ ቸኮልን ማን ያስቀምጠው! እናቱን የሚፈልግ፣ ልጁን የሚፈልግ፣ ወንድሙን የሚፈልግ ሁሉ ደጁ ተሰለፈ። በአቧራውም በቁሩም ስም ሲጠራ ይውላል። ብዙው ስም መልስ አላገኘም፤ አንዳንዱ ግን አገኘ፣ እሷ አንዷ መልስ ደግሞ ለሌላ ቀን ጉልበት ትሆነዋለች። ድምፁ መጀመሪያ ጎረነነ። ቀጥሎ ሻከረ፣ እየተቆራረጠ ይወጣ ጀመር። ዓመቱ ሲዞር፣ ስልሳ ሰባት ጥር ላይ፣ አፉን ሲከፍት የሚወጣው ባዶ አየር ብቻ ሆነ።

ሐረግ እጁን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችው። ድሬሰሩ ጀብሪል የደሴ ልጅ ነው፤ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም ማረም ሰልችቶት ትቶታል። ደረቱን አዳመጠ፣ ጉሮሮውን በባትሪ አየ። ነቀርሳው ተመልሶ እንዳይሆን ብሎ አክታውን በጭነት መኪና ደሴ ላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ሐረግ እህል አልወርድ አላት። መጣ፤ ንጹሕ ነው።

«አብሽሩ ጋሼ!» አለ ጀብሪል ፊቱ በርቶ። «ሳንባዎ ላይ ያለው ያው የድሮው ጠባሳ ነው። ድምፅ የሚወጣው በትንፋሽ ነው። እርስዎ ትንፋሽ ሲያጥርዎ በጉሮሮዎ ይገፉታል። ጉሮሮው ታዲያ ምን ያድርግ? ሳሉም አለ፣ አቧራውም አለ፣ አበጠ።»

«መድኃኒቱስ?» አለች ሐረግ።

«ዝምታ። ውሃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት። ጭስ ያለበት አለመቀመጥ። አረቄም ይቅር። ጉሮሮ ሲከረክር እህ እህ እያሉ መጥረግም ይቅር፤ አንድ ጉንጭ ውሃ ይዋጡ።»

ቸኮል ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ አንድ ነገር ሊል ሲጀምር ጀብሪል ጣቱን አነሣበት። «ሹክሹክታም የለም! እሱ ያረፉ ይመስልዎታል እንጂ ጉሮሮውን ያው ነው የሚያደክመው። ካልቻሉ ቀስ ብለው በረጋ ድምፅ ይናገሩ፤ ቢችሉ ግን ጭራሽ አይናገሩ።»

ሐረግ በዚያው ሳምንት ምድጃውን ከመኝታው አራቀች፤ ከጣራው ሥር ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ አስከፈተች። ቸኮልም ዝም አለ። አንዳንዱ ጎረቤት ሱባኤ የገባ መስሎት «በጸሎትህ አስበኝ» ብሎት ይሄዳል። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። በእጁ ማውራት ለመደ፤ ሐረግ እየተሳሳተች ጨው ሲላት ውሃ፣ ውሃ ሲላት ጋቢ ታመጣለታለች፣ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ሲስቅ ሳሉ ይነሣል፣ ሳሉ ሲነሣ እሷ ትደነግጣለች።

እንዲህ እያሉ የካቲት መጨረሻ ላይ ደረሰ። ቸኮል አንድ ቀን በነጋዴዎቹ ሱቅ በኩል ሲያልፍ ሰው ሬዲዮ ከቦ አገኘ። ሰው ላይ ሰው ተደርቧል፣ ማንም አይተነፍስም። ጆሮውን ሰጠ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኗል። ጭሰኝነት ቀርቷል። አራሹ ለባለመሬት እህል አይሰፍርም።

ቸኮል አባቱ ያረሱትን መሬት እኩል ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። የበቀለውን ግማሽ በየዓመቱ አህያ ላይ ጭኖ ለባለመሬቱ ምስለኔ ያስረክባል። መሮጥ አይችልም፤ ሮጠ። ዳገቱ ላይ የማንንም ገብስ አላየም። ቤቱ ሲደርስ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ትከሻው ከትንፋሹ ጋር ይነሣል ይወድቃል።

«ማን ሞተ?» ብላ ሐረግ ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ተነሣች።

ራሱን ነቀነቀ፤ ማንም አልሞተም። ቃል የለውም። ጎንበስ ብሎ ከጓሮው አፈር በሁለት እጁ ዘገነና እጇ ላይ አፈሰሰው።

«አፈር? መሬት?»

አዎ አለ በራሱ።

«መሬቱን ምን ሆነ? ነጠቁን?»

አይ፣ አይ! ደረቱን መታ፣ እሷን ጠቆመ፣ ማሳውን ጠቆመ፣ ደግሞ ደረቱን መታ። አልገባትም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ ዝምታውን ጣሰውና ከቆሰለው ጉሮሮው አንዲት ቃል አወጣ፤

«የኛ!»

«እኔ ያንን አፈር አልጣልኩትም» ትላለች ሐረግ። «እጄ ላይ እንዳለ እየዘለልኩ ጎረቤት ዞርኩ። ሰው አበደች አለ።»

ወሬው በየመንደሩ ቢናኝም ሰው አላመነም። ግማሹ «ከተሜ ያወራው ነው» ይላል፣ ግማሹ ባለመሬቱን ፈርቶ ስሙን እንኳ አያነሣም። ስለዚህ አዋጁ በገበያ ቀን ለሕዝብ እንዲነገር ታዘዘ። የአውራጃው ሹም ያነባል፤ ከአዲስ አበባ የመጡት ዘማች ተማሪዎች ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ ይዘዋል። ለፋፊ አያስፈልግም ተባለ።

ቸኮል በዚያን ቀን ጎሕ ሲቀድ ክሊኒኩ በር ላይ ተቀምጦ ጀብሪልን ጠበቀው። ገና ሲያየው ሁለት እጁን አጣመረ። «ዛሬ ብቻ» አለ በተሰነጠቀ ድምፅ። «ምናልባት ቢያስፈልግ።»

ጀብሪል አጠገቡ ተቀመጠ። «እሺ፤ እንዲህ ያድርጉ። ሳይቸኩሉ በአፍንጫዎ ወደ ውስጥ ይሳቡ፤ ሆድዎ ይነፋ፣ ትከሻዎ አይነሣ። ከዚያ ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው በከንፈርዎ ቀስ አድርገው ያውጡ። ሲረጋጉ በአንድ ትንፋሽ ሦስት አራት ቃል ብቻ። አይጩሁ! ባይሰማም አይጩሁ። ሲከረክርዎ ያቆማሉ። ወላሂ በሉኝ።»

«ወላሂ» አለ ቸኮል፣ መስቀሉን ከአንገቱ እያሳየ። ሁለቱም ሳቁ።

ገበያው ያን ቀን መርፌ ቢጣል መሬት አይደርስም። ከወግዲ በኩል ሳይቀር ሰው ሌሊቱን ተጉዞ መጥቷል። ሹሙ ማጉያውን አፉ ላይ ደገነ። ማጉያው እንደሚታረድ ፍየል አንድ ጊዜ ጮኸና ጸጥ አለ። ተማሪዎቹ ባትሪውን አወጡ፣ አሹት፣ መለሱት፤ እምቢ አለ። ሹሙ በራሱ ድምፅ ማንበብ ቢጀምር ከፊት ካሉት አልፎ የሚሰማው ጠፋ። ከኋላ ያለው «ምንድነው? ምንድነው?» እያለ መግፋት ያዘ። የተረገጠው መጮህ ጀመረ።

ቸኮል ድንጋዩ ላይ ወጣ።

ሳበ። በከንፈሩ አወጣ። ደግሞ ሳበ። «ስማ» አለ። የወጣው ድምፅ ዝገት የበላው የበር ማጠፊያ ይመስላል። የማያውቀው አንዱ ሳቀ።

ከፊት የተቀመጠችው ጨው ሻጯ እንቁ እንደ ነብር ተነሣች። እንቁ በምላሷ ገበያውን የምታስተዳድር ሴት ናት። «ማነው የሚስቀው? ቸኮል ነው! ይሄ ድምፅ የሰው ስም ሲጠራ ነው ያለቀው! ዝም በሉ!»

ከፊት ያለው ዝም አለ። ሹሙ አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበለት፣ ቸኮል አሳጠረው፤

«የገጠር መሬት ሁሉ... የሕዝብ ነው።»

«ምን አለ?» አለ ከኋላ የቆመው።

እንቁ ዞረችና በሙሉ ጉልበቷ «የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው!» አለች። ከሷ ወዲያ የቆመ የጭነት አህያ ነጂ ተቀበላት፣ ከሱ ወዲያ ያሉት ሸማኔዎች ተቀበሉት፤ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየሄደ ከብት ተራው ድረስ ደረሰ። ቸኮል ይህን ሲያይ ትከሻው ረገበ። መጮህ አላስፈለገውም። አንድ ትንፋሽ ወሰደ፤

«ከእንግዲህ... ጭሰኛ የለም።»

«ከእንግዲህ ጭሰኛ የለም!» አለች እንቁ፤ የራሷም ድምፅ ተሰበረ። ቃሉ ወደ ኋላ ሲሄድ የሄደበት ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። ከብት ተራም ደረሰ። ከዚያ ከወዲያ ጫፍ ጀምሮ እልልታው ተመልሶ መጣ፣ እያደገ፣ ሴቱ እልል እያለ፣ ወንዱ እየፎከረ። አንድ ሽማግሌ እየገፉ እስከ ድንጋዩ ደርሰው «ቸኮል፣ ልጄ፣ እውነት ነው? እስኪ ድገመው» አሉት። ደገመላቸው። «አሁንም ድገመው» አሉ። ሦስተኛ ሊል ሲል ጉሮሮው ከረከረው፤ ቃሉን አሰበና አቆመ። ሽማግሌው ግን ቀድመውት ራሳቸው ይጮሁ ነበር። ጀብሪልን ሐረግ አይታዋለች፤ ከሸማኔዎቹ መሀል ባርኔጣውን ወደ ላይ እየወረወረ።

ድምፁ ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። በረጋ ቀን ወፍራምና ሻካራ ሆኖ ይወጣል፣ ብርድ ሲነካው ይጠፋል፤ ሲጠፋ ውሃውን ይዞ ዝም ይላል። ልፈፋውን ግን አልተወም። እሱ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ እንቁ ከጨው ክምሯ ማዶ ታስተጋባለታለች፤ አልፎ አልፎም ከራሷ ጨምራ ታሳምረዋለች፣ እሱም በዓይኑ ይገሥጻታል። የአብዮቱ ዘመን ኋላ ላይ ብዙ ጣጣ ይዞ መጣ፤ በሰባ ሰባትም ረኃቡ ተመለሰ። ቸኮል ሁሉንም ከነሳሉ አለፈው።

ሐረግ ግን ደጋግማ የምታወራው የመጀመሪያውን ምርት ነው። ገብሱ ተወቅቶ አውድማው ላይ ተከምሯል። እንደ ልማዳቸው ሁለቱም ወደ መንገዱ አዩ። ምስለኔው አልመጣም፤ የሚመጣም የለም። ቸኮል ከነፋሱ ወዲያ፣ ገለባው ከማይደርስበት ተቀምጦ በእጁ «አስገቢው» አላት። እሷ በቁና እየሰፈረች ጎተራው ውስጥ ገለበጠች፣ ገለበጠች፤ ጎተራው ሞላ። ክምሩ ግን ገና ግማሹ እንኳ አልተነሣም።

«ቸኮል!» ብላ ጮኸች። «የት ላድርገው? ቤቱ ጠበበ እኮ!»

ቸኮል ተነሥቶ መጣና ክምሩን ዞሮ አየው። ጎተራውን አየ። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አነጠፈላት።