ለኮረብታው የሚናገር ሰው ስፈልግ

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ መንደር ምሥረታ ወደኛ ወደ ሐረርጌ በመጣበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁም፤ አንዱን ለማትረፍ ሌላውን በገዛ እጄ ያጠፋሁበት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ ታገሡኝ።

ከአሰበ ተፈሪ ወደ በደሳ በሚወስደው መንገድ አባቴ ያቆየው ኮረብታ አለ። ጥድና ወይራ ነው። ከሥሩ ምንጭ ይወጣል፤ ታች ያለው ሰፈር ሁሉ የሚጠጣው ከሱ ነው። በአዋጁ መሬት የሕዝብ ሲሆንም ኮረብታው በኔ እጅ ቆየ። አባቴ መጥረቢያ አላስነካም፤ እኔም አላስነካሁም።

ያን ዓመት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለአዲሱ መንደር ቤቶች ማገርና ምሰሶ ከዚያ ይቆረጣል አለ። ነገሩ የመንግሥት ካድሬ ባለበት በማኅበሩ ስብሰባ ሊወሰን ነው፤ እዚያ ራሴ ተነሥቼ ብቃወም «የባላባት ርዝራዥ፣ ለንብረቱ ነው የሚጮኸው» ይሉኛል። የሚናገርልኝ ሰው መፈለግ ነበረብኝ። መሬት የሚያውቅ፣ ሹም የሚሰማው፣ የማይሸጠኝ። ከአዋጁ በፊት መሬት ያሻሽጡ ከነበሩት ደላሎች አንዱን ላግኝ ብዬ ከተማ ወረድኩ።

መጀመሪያ የያዝኩት ሙሜን ነው። ከቀትር በኋላ ቤቱ ከሰው ጋር ጫት ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት። ነገሬን ሰማና፣

«አቦ አህመዶ፣ በቃ! ኮረብታህ ተረፈ በል። አስተዳዳሪው የኔ ሰው ነው። ነገ አብረን እንገባለን፤ ወላሂ አንድ ቅርንጫፍ አይነካም!» አለኝ።

የተቀመጠው ሁሉ አሚን አለ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስሄድ ሙሜ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጧል። «የምን ኮረብታ?» አለኝ። አገሬው ሁሉ የሚያውቀውን ረስቼ ነው። በምርቃና የተሰጠ ቃል ምርቃናው ሲበርድ አብሮ ይበርዳል። እኛ ጉዳይ ጫት ላይ እንጀምራለን እንጂ ሰው ጫት ላይ አንመርጥም።

ከዚያ አቶ ተክሌ የሚባሉ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። እሳቸውም የድሮ ደላላ ናቸው። የመሬቱን ጉድ በሻጩ ፊት ለገዢ ስለሚናገሩ ብዙ ሻጭ ይሸሻቸው ነበር። ቃል አልሰጡኝም። «መጀመሪያ ልየው» ብቻ አሉ።

በማለዳ መጥተው ዱላቸውን ተደግፈው ዞሩት። ምንጩ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። እዚያ የኔ ጫት አለ፤ ዛፉን ሳልነካ ከሥሩ የተከልኩት፣ ቤቴ የሚተዳደርበት።

«ይህስ?»

«የኔ ጫት ነው።»

«እንግዲያው አልናገርልህም።»

«ለምን?»

«ካድሬው ሲያየው፣ ደኑን የሚጠብቀው ለጫቱ ጥላ ነው ይላል። እውነቱንም ነው። ሌላው ማገር እንዳይቆርጥ እየከለከልክ አንተ እዚሁ ትቀነጥሳለህ። ነቅለህ ጥራኝ።»

«የልጆቼን ጉሮሮ ንቀል ነው የሚሉኝ?»

«ከሁለቱ አንዱን ያዝ ነው የምልህ።»

ተቆጣሁ። «እንኳን እርስዎ መንግሥትም አላስነቀለኝ!» ብዬ ሸኘኋቸው። ቁልቁል ወረዱ።

ስብሰባው ሲቃረብ ጎረቤቶቼ መጥረቢያ ሲስሉ ሰማሁ። ያን ጊዜ ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ሚስቴ አይሻ ተከትላኝ መጣች።

«አብደሃል እንዴ አንተ ሰውዬ? ዛፍ ይበላል?»

ዶማዬን አነሣሁ። ያደገ ጫት በቀላሉ አይነቀልም፤ ሥሩ ይታገላል። አይሻ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ለጋውን ቅጠል ለቃቅማ አሰረችና ለመጨረሻ ጊዜ ገበያ ወሰደችው።

አቶ ተክሌን አስጠራሁ፤ መጡ። በስብሰባው ቀን ካድሬው ገና እንደተቀመጠ «ሰውዬው እዚያ ውስጥ ጫት አለው ይባላል» አለ።

«ወጥተን እንየው» አሉ አቶ ተክሌ።

ወጣን። ካድሬው የተገለበጠውን አፈርና የተከመረውን ሥር በጫማው ነካ ነካ አደረገው። አቶ ተክሌ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«እሱ እዚህ የቀረው ነገር የለም። ውሃውን የምትጠጡት እናንተ ናችሁ። ጥዱ ካለቀ በኋላ ምንጩን ማን ያመጣላችኋል?»

መጀመሪያ የጮኹት ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች ናቸው። ማገሩ ከባሕር ዛፍ እንዲቆረጥ ተወሰነ። ኮረብታው ደግሞ የማኅበሩ ክልክል ደን ተባለ፤ ከኔ እጅ ወጣ።

«ወሰዱብኝ እኮ!» አልኳቸው ስንወርድ።

«የጠራኸኝ ዛፉ እንዲቆም ነው ወይስ ያንተ እንዲሆን?» አሉኝ።

አቶ ተክሌ ደርግ ሳይወድቅ ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ። ጥዱ ዛሬም አለ፤ ውሃውም ይወርዳል። ያንን ክረምት ከልጆቻችን ጋር እንዴት እንዳለፍነው የምናውቀው እኔና አይሻ ነን። ስትናደድ አሁንም ታነሣብኛለች፤ እውነቷን ነው። እኔንም ያመኛል። ዛሬ እንደገና ንቀል ብባል ግን፣ እያመመኝ እነቅላለሁ።