የአዳዳ ጫልቱ ፋሻ የተፈታ ዕለት

ሰሞኑን ዓይኔን ልታከም ሄጄ ነርሷ በጥጥ ስትጠርግልኝ፣ የመድኃኒቱ ሽታ በጃንሆይ ዘመን ወደማውቀው የነቀምቴ ሆስፒታል መለሰኝ። ያኔ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበርኩ።

የአባቴ እህት አዳዳ ጫልቱ ዓይኗን ሞራ ጋርዶባት ዓመታት በጨለማ ኖረች። በመጨረሻ ባሏ ኦቦ ገለታ ከአርጆ በበቅሎ አመጧት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁለቱም ዓይኖቿ ታሽገው፣ ራሷን ሳታንቀሳቅስ ተኛች። ኦቦ ገለታ ካጠገቧ አልተለዩም፤ «ባይበራላትስ?» እያሉ ለአባቴ ሲያንሾካሹኩ እሰማ ነበር።

ፋሻው የተፈታ ዕለት ሐኪሙ ወፍራም መነጽር አደረገላት። ኦቦ ገለታ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊት ለፊቷ ቆሙ። አዳዳ ትክ ብላ አየቻቸውና ወደ አባቴ ዞረች።

«ወንድሜ፣ የገለታ አባት መቼ መጡ? እሱስ የት ሄደ?»

«እኔው ነኝ እኮ፣ ጫልቱ!» አሉ ኦቦ ገለታ።

«ዋቃዮ!» አለች፣ ነጭ ጺማቸውን እየዳሰሰች። «ሳላይህ ቀድመኸኝ ሄድክ?»

እኔ የአርጆን መንገድ ያለች መስሎኝ፣ «የትም አልሄዱም አዳዳ፣ እዚሁ ነበሩ» አልኳት። ኦቦ ገለታ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

አዳዳ ግን መስታወት አስመጣች። ፊቷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞረች ብዙ ካየች በኋላ፣ «ተወው ገለታ፣ አብረን ነው የሄድነው!» ብላ ክፍሉን በሳቅ ሞላችው።

«ምን ያስቅዎታል?» አለችኝ ዓይኔን የምትጠርግልኝ ነርስ።

«ምንም» አልኳትና፣ ከጎኔ የተቀመጠውን ባሌን ደህና አድርጌ አየሁት።