የሹፌሩ ድምፅ

ሊይዙኝ ሲመጡ ጭንቅላቴ ፒያኖ ውስጥ ነበር። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የአንድ ሆቴል አዳራሽ ፒያኖ ነው። የባሕሩ አየር ሽቦዎቹን አዝጓቸው ስለነበር ክዳኑን ከፍቼ፣ ወደ ሆዱ ጎንበስ ብዬ ሳዳምጥ ኮቴያቸውን አልሰማሁም። አንደኛው ትከሻዬን ሲነካኝ «አንድ ጊዜ፣ ይቺን ላጥብቅ» አልኩት። ሲቪል የለበሱ ሁለት ፖሊሶች ነበሩ፤ አልጠበቁኝም። ያ ፒያኖ ግማሹ ብቻ ተቃኝቶ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

መዘዙንም ያመጣብኝ ፒያኖ ነው። አዲስ አበባ ፒያኖ ቃኚ ሳለሁ፣ ከምርጫው ግርግር በኋላ፣ የተቃውሞ ወረቀት በምጠግናቸው ፒያኖዎች ውስጥ እየደበቅኩ አሳልፍ ነበር። ሲነቃብኝ በጭነት መኪና ተሸሽጌ ጅቡቲ ገባሁ። ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየሁ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከአገሬ ሰዎች ጋር እየተሰበሰብን እንዘፍን ነበር። መሪያችን ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው።

ያስገቡኝ ክፍል ወለሉ ላይ ካርቶን የተነጠፈበት፣ ግድግዳው የሚያልበው ነበር። ከእኔ ጋር ስድስት ሆንን። ወደ የመን ሊሻገሩ ሲሉ የተያዙ ሦስት ወሎዬዎች፣ ወደብ ላይ አማርኛ የለመደ ሶማሌ ዓሣ አጥማጅ፣ ፔካ 12 በሚባለው የጭነት መኪኖች ማቆሚያ ከተቆጣጣሪ ጋር ተጣልቶ የገባ ኢትዮጵያዊ የከባድ መኪና ሹፌር፣ እና እኔ። መሣሪያዎቼን ሁሉ ወስደውብኛል። ዲያፓዞኔን ብቻ ዘበኛው አገላበጠና «በዚህ ደግሞ ምን ልትበላ ነው?» ብሎ እየሳቀ መለሰልኝ። ባለ ሁለት ጣት ሹካ የሚመስል ብረት ነው፤ ጉልበት ላይ መታ ሲያደርጉት አንድ ልክ ድምፅ ይሰጣል፤ ቃኚ የሚነሣው ከዚያ ድምፅ ነው።

በሦስተኛው ቀን መኮንኑ አስጠራኝና አንድ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። በፈቃዴ ወደ አገሬ እመለሳለሁ ይላል።

«ፈርም» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። «እስከ ሰኞ ስለ አንተ የሚጠይቅ ካልመጣ፣ ፈረምክም አልፈረምክም መኪናው ድንበር ያደርስሃል።»

ድንበሩ ላይ ማን እንደሚቀበለኝ አውቃለሁ። የስደተኞች ቢሮ ስሜን መዝግቧል፤ የት እንዳለሁ ግን ቢሮውም እማማም አያውቁም። ፈራሁ። ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ፍርሃቱ እንደሚያሸንፈኝ ስለገባኝ ለራሴ ሥራ ፈጠርኩ።

«እናንተ አምስት ናችሁ፤ የትዝታ ቅኝትም አምስት ድምፅ ነው» አልኳቸው። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ድምፅ አደልኩ። ትከሻውን ስነካው የራሱን ያወጣል። ዓሣ አጥማጁን ከላይ፣ ሹፌሩን ከታች አደረግሁ። ፒያኖ ሆኑልኝ። ችግሩ ሹፌሩ ነበር።

«ዝቅ ብለሃል፣ ከፍ አድርገው» እለዋለሁ።

«አድርጌያለሁ።»

«ትንሽ ይቀርሃል።»

«ወንድሜ፣ ይህ መኪና አምስተኛ ማርሽ የለውም።»

ሁሉም ሳቁ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። ሁለት ቀን ሙሉ ዲያፓዞኑን ጆሮው ሥር እያስጮህኩ አስጨነቅኩት። በመጨረሻ «በአራት ዝፈኑ፣ እኔን ተዉኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አፈርኩ። የዛገ የፒያኖ ሽቦ ወደ ልኩ እጎትታለሁ ካሉት ይበጠሳል። እንዲህ ሲሆን የላላውን አይጎትቱም፤ ሌሎቹን ወደ እሱ ያወርዳሉ። ይህን ለዓመታት ስሠራው የኖርኩ ሰው፣ ለሽቦ የማደርገውን ለጓደኛዬ ነፍጌው ነበር። ዲያፓዞኑን ካርቶኑ ሥር ሸጎጥኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አንተ አውጣ፤ እኛ እንመጣለን» አልኩት።

እያመነታ አወጣ። አራቱን አንድ በአንድ ወደ እሱ አወረድኳቸው። ከዚያ ዘፈኑን ጀመርን፤ ክፍሉ ሞላ። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠን። ዝም በሉም አላለን። እስር ቤት ውስጥ ደስ ብሎኝ ነበር ብል የሚያምነኝ አላገኝም፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ የሹፌሩ አሠሪ መጥቶ አስፈታው። ሊወጣ ሲል የእማማን ቤት አስረድቼ እዚህ መሆኔን እንዲነግርልኝ ለመንኩት።

«መሄዱንስ እሄዳለሁ» አለ። «ግን ማን ያምነኛል? የፖሊስ ሰው ነው ነው የሚሉኝ።»

እውነቱን ነው። የእኛ ሰው የማያውቀው እንግዳ ሲመጣበት አፉን ይዘጋል። ዲያፓዞኑን አውጥቼ ሰጠሁት። እንደ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰካው። ዘበኛውም አየና እንደገና ሳቀ።

እሑድ በአራት ዘፈንን። የሹፌሩ ተራ ሲደርስ ማንም ድምፁን አልወሰደበትም። ዝም ብለን ቦታውን ጠበቅንለትና ቀጠልን። እንዲህ አድርጉ ብዬ አላዘዝኳቸውም።

ሰኞ ጠዋት መኮንኑ ያንኑ ወረቀት ከነእስክሪብቶው አቀረበልኝ። ግቢው ውስጥ የመኪና ሞተር ይሰማል።

«የጠየቀ የለም» አለኝ።

«የምትወስዱኝ ከሆነ ውሰዱኝ» አልኩት። «በፈቃዴ የሚለውን ግን አልፈርምም።» እስክሪብቶውን ከድኜ መለስኩለት።

ወደ መኪናው ሊያወጡኝ በር ላይ ቆሜ ሳለ እማማ ከስደተኞች ቢሮ ሠራተኛ ጋር ገቡ። ዲያፓዞኑን በእጃቸው ጨብጠው ነበር።

«እኔ ሰውየውንስ አላመንኩትም ነበር» አሉኝ። «ግን አንተ ይህን ብረት ሳትይዝ ገበያ እንኳ አትወጣም። ለማታምነው ሰው እንደማትሰጠው አውቃለሁ።»

በማግሥቱ ተፈታሁ። ዓሣ አጥማጁ ከሳምንት በኋላ ወጣ፤ አሁንም አልፎ አልፎ ዓሣ ያመጣልኛል። ሦስቱ ወሎዬዎች የት እንደደረሱ አላወቅሁም፤ ባሕሩን በደህና ተሻግረው እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዓርብ ዓርብ አሁንም እንዘፍናለን። አንድ አሮጌ ፒያኖም አግኝተናል፤ ሽቦው ዝጎ ስለነበር ከልኩ አውርጄ ነው የቃኘሁት። ሹፌሩ ወደብ ጭነት ሊያነሣ መጥቶ ቀኑ ዓርብ ከሆነለት ብቅ ይላል። ከወረደው ፒያኖ እንኳ ዝቅ እንዳለ ነው።

«አምስተኛ ማርሽ አስገባህ?» እለዋለሁ።

«ኧረ የለም።»

እሱ በመጣ ቀን የፒያኖውን ክዳን እዘጋለሁ። እሱ ያወጣል፤ እኛ እንመጣለን።