ምሥራቁ አልቆም ያለኝ ባሕር ላይ

ዛሬ ማለዳ ጸሎት ስጀምር ፀሐይ ፊት ለፊቴ ነበረች። አቡነ ዘበሰማያትን ጨርሼ ቀና ስል ቀኝ ጆሮዬን ታሞቃለች።

«እማዬ፣ ዙሪ እንጂ! መርከቡ ታጥፏል!» አለችኝ ልጄ እየሳቀች።

«ትንሽ እረፊ» ብላ በዚህ መርከብ ያሳፈረችኝ እሷ ናት፤ የምትኖረው ጣሊያን ነው። መርከቡ የቢቸና ሰፈሬ ሰው ሁሉ ቢገባበት ቦታ ይተርፈዋል።

ስለ ባሕር ብዙ አንብቤ ነበር፤ ስፋቱ ግን አልገባኝም ነበር። ዓባይ ድልድይ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ማዶውን ያያል። እዚህ ማዶ የለም። ውሃው ሄዶ ሄዶ ሰማይ ይሆናል።

ዛሬ ደግሞ የባለቤቴ ሙት ዓመት ነው። እሱ ሲያርፍ እኔ ሞጣ ገበያ ነበርኩ፣ አልደረስኩለትም። ከዚያ ወዲህ ይህችን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቀርቼ አላውቅም። እዚህ ደጁም የለም፣ ምሥራቁም አልቆም አለኝ።

ከቤት የያዝኩትን ዳቦ ቆሎ አውጥቼ ወለል ለሚወለውሉት ሠራተኞች ዘገንኩላቸው። ልጄ ምክንያቱን ስትነግራቸው አንዱ ሽማግሌ ቆቡን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር በል በይልኝ» አልኳት።

እየተንተባተበ አለልኝ።

«አሜን» ብዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በዚህች ቀን አረፍ ብዬ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ባሕሩን ሳየው ዋልኩ።

እናንተስ፣ የሙት ዓመት ቀን ከአገር ርቃችሁ የደረሰባችሁ፣ እንዴት አድርጋችሁ አሰባችሁት?