የእህቴ እንጥል

ከወገዳ በላይ ባለው ደጋ፣ በንጉሡ ዘመን፣ የሐምሌ ብርድ ሕፃናትን እየመረጠ ይወስድ ነበር። የስድስት ወር እህቴን ሳል ያዛት። እናቴ በበግ ጠጉር ዝተት ጠቅልላ፣ ደረቷን በቅቤ እያሸች፣ ከምድጃው ሳትርቅ አንድ ሳምንት ታገለች፤ ሳሉ ግን አልለቀቀም። በሳምንቱ ረፋድ ላይ አባቴ ሽማግሌውን እንጥል ቆራጭ ይዞ ገባ። በአገራችን ሳል የጠናበት ሕፃን እንጥሉ ወርዷል ተብሎ ይቆረጥ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ታናሽ ወንድሜ በዚሁ ሰው ተቆርጦ፣ ደሙ አልቆም ብሎ ሞቶ ነበር።

«አትስጊ ልጄ፤ እጄ ከዶሮ ላባ ይቀላል» አሉ ሽማግሌው፣ ጫፉ የቆለመመ ብረታቸውን በጋቢያቸው እየወለወሉ።

«ለወንድሟም እንዲሁ ብለውኝ ነበር።»

«እሱን የወሰደው እግዜር ነው።»

«እግዜር ብረት አልያዘም ነበር፣ አባባ» አለች እናቴ።

አባቴ ሕፃኗን ከእቅፏ ነጥቆ ሽማግሌው ጭን ላይ አስተኛት፤ እኔን እግሮቿን እንድይዝ አዘዘኝ። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ብረቱ ከንፈሯን ሲነካ እናቴ በዘነዘና የሽማግሌውን የእጅ አንጓ መታች። አጥንቱ ሲሰበር የሰማሁ ይመስለኛል። ሕፃኗ መሬት ላይ ወደቀች፤ እናቴ ላይዋ ተደፋች። አባቴ በሽመል ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ ወገቧን ቀጠቀጣት።

«ተነሽ! ልጄን ልትገድያት ነው?»

«እኔን ግደል። እሷን አላስነካም።»

ስንት ጊዜ እንደመታት አላውቅም። ያስቆሙት ሽማግሌው ናቸው፤ የተሰበረ እጃቸውን በሌላው ደግፈው፣ «ተዋት እንጂ፤ ብትነሳስ በየትኛው እጄ ልቆርጥልህ ነው?» አሉት።

እህቴ እንጥሏ ሳይቆረጥ ዳነች። የእናቴ ግራ ክንድ ግን ዳግመኛ አልተቃናም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንጥል ለዚያ ሳል ምክንያት እንዳልሆነ ስማር፣ የተናደድኩት በአባቴ ይሁን በራሴ መለየት አልቻልኩም። እናቴ ዘነዘናውን ስታነሳ እኔ የእህቴን እግሮች እንደለቀቅሁ ለዓመታት ስናገር ኖሬያለሁ። መዳፌ የሚያስታውሰው ግን ሌላ ነው፤ ትንንሽ ተረከዞች ሲራገጡ፣ እኔም ይበልጥ አጥብቄ ስይዝ።

እህቴ ለልጆቿ «ወንድሜ ለቀቀኝ» እያለች ታወራለች። ይህን የነገርኳት እኔ ነኝ።