የኑርሁሴን የድቤ ቀብድ

የከሚሴው ልብስ ሰፊ ኑርሁሴን በልኬት አይታማም። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ምሳውን ይበላል፤ ሌላው ሲሳሳት ግን አይምርም። በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ሰፈሩ ለመንዙማ የሚሆን ድቤ የሚባለውን ከበሮ ለማሠራት ብር ሲያዋጣ፣ «ለኔ ተውት! ትእዛዝ መስጠትና መቀበል የኔ ሙያ ነው» ብሎ ኃላፊነቱን ወሰደ። የእሑድ ገበያ ወደሚቆምባት ሰንበቴ ከተማ ሄዶ አብዶ ለሚባል እንጨት ጠራቢ የድቤውን ቁመትና የአፉን ስፋት በሴንቲሜትር ነገረና አሥር ብር ቀብድ ሰጠ።

አራት ወር አለፈ። መውሊድ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መዋጮውን ያሰባሰበችው ዘሃራ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«አያ ኑርሁሴን፣ ድቤው ዝሆን ነው እንዴ? መቼ ነው የሚወለደው?»

«ወላሂ፣ እሑድ ከዚያ ጠራቢ ቀብዱን ሳልቀበል ከሚሴን ተመልሼ አልረግጥም! እንዲያውም እጥፍ ነው የሚከፍለኝ!»

ውል ያፈረሰ ሻጭ ቀብዱን እጥፍ እንደሚመልስ ያውቃል። ያላወቀው ሌላ ነው።

እሑድ በጭነት መኪና ላይ የሚናገረውን ሲያጠና ሰንበቴ ደረሰ። አብዶ ግቢ ውስጥ ለድቤው የተቆረጠው የዋንዛ ግንድ ተቦርቡሮና ለስልሶ ዛፍ ሥር ቆሟል።

«አካም ቡልቴ፣ ልብስ ሰፊው!» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አለው አብዶ። «ምነው ጠፋህ? ቆዳውስ?»

«የምን ቆዳ?»

«የድቤው ነዋ! እኔ ጋ ያለው እንጨቱ ነው። ቆዳውን ድቤ አሠሪው በቢስሚላህ አርዶ ያመጣል። ማን እንዳረደው የማላውቀውን ቆዳ ለመንዙማ ልወጥር?»

ኑርሁሴን ጨርቅ ሳይዙ «ቀሚስ ስፋልን» የሚሉትን ስንቱን እየሳቀ እንደመለሰ ትዝ አለው። ግን ምሏል።

«ቢሆንም ቀብዴን መልስ» አለ። «እጥፍ» የምትለዋን ግን ተዋት።

«ያፈረስከውም አንተ፣ የምትጠይቀውም አንተ!»

ውል ያፈረሰ ገዢ ቀብዱን ያጣልና ደንቡ ከአብዶ ጋር ነበር፤ ቢከለክለው የሚፈርድበት የለም። እሱ ግን አሥሩን ብር ከመቀነቱ ፈታ። «ለነቢ የተዋጣ ብር ከሆዴ አይስማማም። እንካ።»

ከሚሴ ሲመለስ ሰፈሩ ተሰብስቦ ጠበቀው። ብሩን ሲያዩ፣ «አበጀህ! ያንን ሌባ ልክ አስገባኸው!» አሉ። ዝም ቢል ጀግና ሆኖ ያድር ነበር። በመንገድ ላይም ዝም ለማለት ቆርጦ ነበር የመጣው። «ሌባ» የሚለውን ሲሰማ ግን አላስቻለውም።

«ሌባ የለም» አለ። «እንጨቱ ካለቀ ቆይቷል። ቆዳ የምናቀርበው እኛ ነበርን። እኔ ነኝ ያልጠየቅሁት።»

«አላህ ያሳይህ!» ዘሃራ ወገቧን ያዘች። «እኔን ባለፈው ሳምንት ገበር አላመጣሽም ብለህ በሰው ፊት አላዋረድከኝም?»

«አዋርጄሻለሁ።»

«በል፣ አሁን ተራህ ነው!» ሳቁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ብሩን ግን «ከቆዳው ጋር ለአብዶ መልስለት» ብላ መልሳ እጁ ላይ አኖረችለት።

በሚቀጥለው እሑድ ኑርሁሴን ለሰደቃ የታረደ የወይፈን እርጥብ ቆዳ ተሸክሞ ጭነት መኪናው ላይ ወጣ። ተሳፋሪው ሁሉ ከሽታው ስለሸሸ፣ እግሩን እንደ ሹም ዘርግቶ ሰንበቴ ገባ።