አሮጌውን አጥፊው

ኤልሳዕ ድባጤ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነበር። በ2013 ዓ.ም. ከዚያ ሲሸሽ ይዞ የወጣው መበየጃውንና ታላቅ እህቱን አስረሳሽን ነው። እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። አሶሳ ዳር፣ ማንጎ ሥር በተከራዩት ቤት አራት ክረምት አለፈ። በአምስተኛው የአስረሳሽ ቀኝ ጎኗ ሽባ ሆነ፤ አንደበቷም ተዘጋ። ያ ሲያንጎራጉር መንገደኛ የሚያስቆም ድምፅ!

አንድ ልጇ ረድኤት ባሕር ዳር ናት። እርግዝናዋ ስለከበደ ሐኪም ከአልጋ እንዳትወርድ አዟታል። ስትደውል አስረሳሽ ትሰማና ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ ልጅ ግን የምትሰማው ዝምታ ብቻ ነው።

«አጎቴ፣ እማዬን አሳየኝ» አለች አንድ ቀን። «ስታየኝ ትስቅ እንደሆነ ልይ።»

እዚያ ቤት ከድምፅ በቀር ኔትወርክ አይደርስም። ኢንተርኔት ያለው ከማንጎዎቹ ማዶ፣ ነጋዴው ኻሚስ ቤት ነው። ኤልሳዕ ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ይሠራ ከነበረ ሰው የገዛው ያገለገለ ራውተር ነበረው። ሳጥኑ የኻሚስን ዋይፋይ ተቀብሎ እስከ አስረሳሽ አልጋ ለማሻገር አቅም አለው፤ ፋብሪካው የጫነበት ፈርምዌር፣ ማለትም ሳጥኑን የሚያዘው ፕሮግራም፣ ግን አይፈቅድለትም። ፈቃደኞች ጽፈው በነፃ የለቀቁት ሌላ ፈርምዌር አለ። በዝርዝሩ ውስጥ ግን የዚህ ሞዴል ስም የለም፤ ያለው የቅርብ ዘመዱ ነው። ኤልሳዕ ክዳኑን ፈትቶ፣ ሦስት ቀጫጭን ሽቦ በይዶ፣ ሳጥኑን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘ። ሦስት ሳምንት እንዲያ አቀርቅሮ ከረመ።

«ወላሂ መምህር፣ በሬ አረድክ እንዴ?» አለ ኻሚስ ሊጠይቃቸው መጥቶ። «ሆድ ዕቃውን ሁሉ አወጣኸው! ያንተ እርድ ነው፣ እኔ አልበላም።»

«አትብላ፤ የይለፍ ቃልህን ብቻ ስጠኝ።»

«ለእትዬ ከሆነ ውሰድ። እሱ ልጁን ይይ።»

አማርኛ አፍ መፍቻው አይደለምና፣ እትዬን «እሱ» ማለቱን ማንም አላረመውም።

ቅዳሜ ጠዋት መጫን ተጀመረ። ኤልሳዕ መመሪያውን ከኢንተርኔት ሊያነብ ኻሚስ ቤት ሄደ፤ አሶሳ ከመጣ በኋላ ያገባት ሚስቱ ትዕግሥት ላፕቶፑን እያየች ቀረች። ብዙም ሳይቆይ ደወለች።

«ኤልሳዬ፣ ቦታ የለም ይላል። ምን ላድርግ?»

«አሮጌውን አጥፊው!»

እሱ ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን አሮጌ ፋይል ማለቱ ነበር። ትዕግሥት ግን ያንን ሳጥን ከተገዛ ጀምሮ «አሮጌው» ነበር የምትለው። አዲሱ ፈርምዌር ግማሹ ተጽፎ ግማሹ መንገድ ላይ ሳለ፣ ሶኬቱን ነቀለችው።

ሮጦ ሲመጣ አንድም መብራት አልበራም።

«ምን አደረግሽ?»

«አጥፊው አልከኝ፣ አጠፋሁት።»

በእኛ ቋንቋ ፋይልም ይጠፋል፣ መብራትም ይጠፋል፣ የሄደ ሰውም ይጠፋል። ለሁሉም ያለን አንድ ቃል ነው። ሁለት ቀን ሽቦውን ነካካ፤ ሳጥኑ አልተነፈሰም።

ሰኞ ዕለት የአስረሳሽ ትንፋሽ ከበደ። ኤልሳዕ የሞተውን ራውተር ትቶ ስልኩን አነሳ። ኻሚስ ቤት፣ በኻሚስ ስልክ በቪዲዮ የምትታየውን የልጅቱን ፊት ይቀርጽና በማንጎዎቹ መሀል ሮጦ ለእናት ያሳያል፤ የእናትን ፊት ይቀርጽና ለልጅ ይዞ ይመለሳል። መስመሩ እሱ ራሱ ሆነ። አስረሳሽ ልጇን ስታይ በግራ ጉንጯ ብቻ ፈገግ አለች። እሺ ማለት ስትፈልግ ዓይኗን ትጨፍናለች። እሱ እየሮጠ፣ የእሷው ዜማ ሳያስበው ከአፉ ይወጣ ነበር፦

ዳመናው ቀረበ ዝናቡ ራቀብኝ፣
ልጄን አያለሁ ስል መንገዱ ጠፋብኝ።

በሦስተኛው ዙር ረድኤት እየሳቀች እያለቀሰች እንዲህ አለች፦ «እማዬ፣ ሴት ናት አሉኝ። በአያቴ ስም ደጊቱ ልበላት? እሺ ካልሽ ዓይንሽን ጨፍኚልኝ።»

ኤልሳዕ ሲደርስ ትዕግሥት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ በሩ ላይ ቆማለች።

«አሁን ነው» አለችው። «አሁን፣ አንተ ስትወጣ።»

ገባ። ስልኩን እህቱ ፊት ላይ ይዞ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አሰማት። ከዚያ ተመልሶ ወደ ኻሚስ ቤት ሄደ። አሁን አልሮጠም። ስክሪኑ ላይ ረድኤት ትጠብቀዋለች።

«አጎቴ፣ እሺ አለች?»

«ዓይኗን ጨፍናለች» አላት።